የጊታር መምቻ አመራረጥ

በመጽሔታችን ላይ ስለ ታላላቅ ነገሮች የሚጽፉ ብዙዎች እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። እኔ ግን ልጽፍ የመረጥሁት ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም ስለማትበልጥ፥ በኪስ ውስጥ ገብታ ስለምትጠፋ፥ ከወንበር ሥር ወድቃ ስለምትረገጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። እርስዋም ጊታር የሚመታባት፥ ሙዚቀኞቻችን ፒክ የሚሏት፥ እኔም በዚህ ጽሑፍ መምቻ የምላት ናት።

በሙዚቃ ክበባችን አዲስ የሚገባ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጊታሩ ዓይነት ነው፤ ቀጥሎም ስለ አውታሩ ይጠይቃል። ስለ መምቻው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከተው የሰው እጅና አውታሩ የሚገናኙት በመምቻው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ጊታሩ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፥ እጅ ያሰበውን ነገር ለአውታሩ የምትነግረው ያቺው ትንሽ ጫፍ ናት። ደግሞም ጊታር መለወጥ የማይችል ተማሪ መምቻ መለወጥ ይችላል። ስለዚህ በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚገኝበት ቦታ ይህ ነው ብዬ ስላመንሁ፥ ያነበብሁትንና በክበባችን የሞከርሁትን አጣምሬ እነሆ አቅርቤዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መምቻ የጊታር ብቻ አይደለም

አንዳንድ ሰው መምቻ ከጊታር ጋር ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአገራችን ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። አንደኛው፥ ጣቶች አውታሮቹን አንድ ባንድ እየነኩ የሚደረድሩበት ነው። ሁለተኛው፥ ቀኝ እጅ መምቻ ይዞ አውታሮቹን ሁሉ ባንድነት ሲገርፍ፥ ግራ እጅ ደግሞ ከበስተኋላ ሆኖ እንዲሰሙ የማይፈለጉትን አውታሮች በጣት እየነካ ዝም የሚያሰኝበት ነው። አሥር አውታር ያለውን በገናንም ቢሆን አንዳንዱ ደርዳሪ በጣቱ፥ ሌላው ደግሞ በመምቻ ይመታዋል።

በሌሎች አገሮችም እንዲሁ ነው። ዐረቦች ዑድ የሚመቱበትን መምቻ ሪሻ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ላባ ማለት ነው፤ ምክንያቱም በቀድሞ ዘመን ከንስር ላባ ዘንግ ይሠራ ስለ ነበር ነው። ጃፓኖች ሻሚሴን የሚባለውን ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ የሚመቱት ባቺ በሚባል፥ ጫፉ እንደ መጥረቢያ ስለት ሰፋ ባለ ትልቅ መምቻ ነው። የጥንት ግሪኮችም ለክራር መሰል መሣሪያቸው ፕሌክትሮን የሚሉት መምቻ ነበራቸው። እንግዲህ መምቻ የመምረጥ ጥያቄ አዲስ ጥያቄ አይደለም፤ አውታር ባለበት አገር ሁሉ የነበረ ጥያቄ ነው።

2. ድምፁ እንዴት ይወለዳል?

መምቻ ለመምረጥ አስቀድሞ መምቻው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። መምቻው አውታሩን ከተኛበት ቦታ ገፋ አድርጎ ይወስደዋል፤ ከዚያም ይለቀዋል። አውታሩም ወደ ቦታው ለመመለስ ሲል ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል። በተለመደው አቃኘት የጊታር ወፍራሙ አውታር በአንድ ሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል፥ ቀጭኑ አውታር ደግሞ 330 ጊዜ ያህል ይርገበገባል።

ሆኖም አውታር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። ከዋናው ድምፅ በላይ እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ፥ አራት እጥፍ እያሉ የሚሄዱ ረቂቅ ድምፆች አብረው ይወለዳሉ። እነዚህ ረቂቅ ድምፆች ሲበዙ ድምፁ ጥርት ያለና የሚያበራ ይሆናል፤ ሲያንሱ ደግሞ ለስለስ ያለና የደበዘዘ ይሆናል። መምቻው የሚወስነው እንግዲህ ይህን ነው። ጠንካራና ሹል ጫፍ አውታሩን በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ይዞ በድንገት ስለሚለቀው ረቂቆቹ ድምፆች ይበዛሉ። ለስላሳና ክብ ጫፍ ግን አውታሩን ሰፋ ባለ ቦታ ይዞ ቀስ ብሎ ስለሚለቀው ረቂቆቹ ድምፆች ይቀንሳሉ። ልዩነቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አንዱን አውታር አንድ ጊዜ በጥፍሩ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በጣቱ ሥጋ ይንካው፤ ወዲያው ይሰማዋል።

የሚመታበት ቦታም እንዲሁ ድምፁን ይለውጣል። አውታሮቹ በታች በኩል ከሚያርፉበት ብርኩማ አጠገብ ሲመታ ድምፁ ቀጭንና ስለታም ይሆናል፤ ወደ ክብ ቀዳዳው እየቀረበ ሲሄድ ይሞላል፤ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ደግሞ ይለሰልሳል። ስለዚህ አንድ መምቻ ክፉ ድምፅ ሰጠ ብሎ ከመጣል በፊት እጅን ጥቂት ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሶ መሞከር ብልህነት ነው።

3. ከምን ይሠራል?

በቀድሞ ዘመን በጊታርና በማንዶሊን መቺዎች ዘንድ እጅግ የተወደደው መምቻ ሆክስቢል ከተባለው የባሕር ኤሊ ቅርፊት የሚሠራው ነበር። ቅርፊቱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጥቂት ይታጠፋል፤ ሲወለወል ይለሰልሳል፤ ከአውታሩም ላይ ሳይንቋቋ ይንሸራተታል ይባልለት ነበር። ነገር ግን ይህ ኤሊ ለማበጠሪያ፥ ለመነጽር ፍሬምና ለጌጣጌጥ ሲባል ያለ ልክ ስለ ታደነ ዘሩ ሊጠፋ ተቃረበ። ኤሊው በአካባቢያችን በቀይ ባሕርም ይኖራል። በ1973 በዋሽንግተን ለመጥፋት ስለ ተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1975ም በሥራ ላይ ዋለ። የዚህም ኤሊ ቅርፊት የዓለም አቀፍ ንግድ በዚሁ ስምምነት ምክንያት ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ማንም ሰው እውነተኛ የኤሊ ቅርፊት ነው ብሎ መምቻ ቢያቀርብልን አንገዛውም። የአንድ ዘፈን ጥራት የአንድ ፍጥረት ዘር አያህልም።

በኤሊው ቅርፊት ፈንታ የገባው ሴሉሎይድ ነው። ይህም በ1870 ገደማ ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ አሜሪካዊ ከዝሆን ጥርስ ፈንታ የሚያገለግል ነገር ሲፈልግ ለንግድ ያበቃው የመጀመሪያዎቹ ፕላስቲኮች ወገን ነው። በ1922 ደግሞ ሉዊጂ ዳንድሬያ የሚባል ሰው በኒው ዮርክ ከሴሉሎይድ ገበታ ላይ መምቻ እየቆረጠ መሸጥ ጀመረ። የኤሊ ቅርፊት የሚመስለው ቡናማና ቢጫ የተዥጎረጎረ መምቻ እስከ ዛሬ ድረስ በየሱቁ የሚታየው ያንን የድሮውን መልክ በመከተል ነው። ሴሉሎይድ ጥሩና ብሩህ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን በፍጥነት ያልቃል፤ እሳትም ሲያገኘው ፈጥኖ ይቀጣጠላልና ከሻማና ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም።

ሦስተኛው ናይሎን ነው። ናይሎን በ1935 በአሜሪካ የተገኘ ሲሆን፥ ሲታጠፍ የማይሰበርና ለስላሳ ነው። በእኩል ውፍረት ከሴሉሎይድ ይልቅ ይታጠፋል፤ ድምፁም ለዘብ ያለ ነው። ፊቱ ልሙጥ ስለሆነ ከላበው እጅ እንዳያመልጥ ብዙዎቹ ላይ ሻካራ ነጠብጣብ ይደረግባቸዋል።

አራተኛው አሴታል የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ዴልሪን በሚባለው የንግድ ስሙም ይታወቃል። በ1981 የጂም ደንሎፕ ኩባንያ ከዚህ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራውንና ቶርቴክስ ብሎ የሰየመውን መምቻ አወጣ። የዚህ መምቻ ፊት እንደ ጠመኔ ደረቅ ያለ ስለሆነ እጅ ቢያልበውም አያዳልጥም፤ በቶሎም አያልቅም። ለተማሪ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነገሩ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ውፍረት የራሱ ቀለም ያለው መሆኑ ነው። ቀዩ 0.50፥ ብርቱካንማው 0.60፥ ቢጫው 0.73፥ አረንጓዴው 0.88፥ ሰማያዊው 1.0፥ ሐምራዊው 1.14 ሚሊሜትር ነው። አንድ ጊዜ ለእጁ የሚስማማውን ቀለም ያወቀ ልጅ፥ ቢጠፋበት ቀለሙን ብቻ ጠርቶ መልሶ ሊገዛው ይችላል።

ከብረት የተሠራም አለ። የኩዊን ጓድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ የእንግሊዝን የድሮ ስድስት ፔኒ ሳንቲም መምቻ አድርጎ በመጠቀም ይታወቃል። ነገር ግን ብረት አውታርን ቶሎ ይበላል፤ የጊታሩንም እንጨት ይቧጭራል። የታላቅ ሰው ልማድ ለታላቁ ሰው እጅና ለእርሱ ጊታር የተገባ ነውና ጀማሪ ዝም ብሎ አይከተለው።

4. ውፍረት

በአመራረጥ ጉዳይ ዋናው ነገር ውፍረት ነው። ፋብሪካዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አከፋፈል የላቸውም፤ ቢሆንም በግምት እንዲህ ማለት ይቻላል። ከ0.60 ሚሊሜትር በታች ያለው ስስ፤ ከ0.60 እስከ 0.80 ያለው መካከለኛ፤ ከ0.80 እስከ 1.2 ያለው ወፍራም፤ ከዚያ በላይ ያለው እጅግ ወፍራም ነው።

አንድ ሰው «በ0.60ና በ0.73 መካከል ያለው ልዩነት ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥ፤ ምን ለውጥ ያመጣል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን የሚሰጠን የፊዚክስ ትምህርታችን ነው። አንድ ስስ ገበታ ለመታጠፍ ያለው እምቢታ የሚያድገው በውፍረቱ ልክ ሳይሆን ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው። ስለዚህ ቅርፁና የተሠራበት ነገር አንድ ከሆነ፥ የ1.0 ሚሊሜትር መምቻ ከ0.50 ሚሊሜትር መምቻ ይልቅ ለመታጠፍ ሁለት እጥፍ ሳይሆን 8 እጥፍ ያስቸግራል። ከ0.60 ወደ 0.73 የተሻገረ ልጅም በእጁ ላይ 1.8 እጥፍ ያህል ግትር የሆነ መምቻ ያገኛል ማለት ነው። ለዓይን ያልታየው ነገር ለጣት ግልጥ ሆኖ የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስስ መምቻ አውታሮቹን ባንድነት ለመግረፍ ይመቻል። ጀማሪ እጁን ቢያከብድ እንኳ መምቻው ራሱ ታጥፎ ያልፋልና ስድስቱም አውታሮች ተስተካክለው ይሰማሉ። ጉድለቱ፥ ሲታጠፍና ሲመለስ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ አውታሮቹንም አንድ ባንድ ለመምታት ሲፈለግ ዘግይቶ ስለሚመለስ ዜማው ይደክማል።

ወፍራም መምቻ የእጅን ትእዛዝ ሳያዘገይ ለአውታሩ ያደርሳል። ድምፁ የሞላ ይሆናል፤ በተለይ ወፍራሞቹ አውታሮች ያምራሉ። ነጠላ ዜማ በፍጥነት ለሚመቱ ሰዎች ተመራጭ የሆነውም ስለዚህ ነው። የጃንጎ ራይንሃርትን ፈለግ የሚከተሉ የጃዝ ጊታሪስቶች እጅግ ወፍራም መምቻ መያዛቸው የታወቀ ነው። ጉድለቱ፥ ምሕረት የለውም። እጅ የሠራውን ስሕተት ሁሉ ያሰማል፤ አጥብቆ ለሚገርፍ ጀማሪም አውታር ይበጥሳል።

መካከለኛው ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት አለው። ምንም ለማያውቅ ሰው መነሻው እርሱ ነው።

5. ስለ አንድ ጓደኛዬ

ይህ ጉዳይ የቁጥር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ያየሁትን ነገር ልጨምር። አንድ የክፍሌ ልጅ ጊታር ከጀመረ ሁለት ወር ያህል ከሆነው በኋላ ክበቡን ሊተው ተነሣ። «ጣቴ ለዚህ ነገር አልተፈጠረም» አለን። እቤቱም ቢሆን «ጊዜህን ታባክናለህ» ይባል ስለ ነበር ይህ ለእርሱ የመጨረሻው ማስረጃ ሆነለት። በእርግጥም ሲመታ መምቻው በአውታሮቹ መካከል ይሰነቀራል፤ እጁም ይደነዝዛል፤ ቀጭኑንም አውታር ሦስት ጊዜ በጥሷል። በክበባችን አውታር የሚገዛው ከምናዋጣው ገንዘብ ስለሆነ አንድ አውታር በተበጠሰ ቁጥር ሁላችንም እንቀመጣለን፤ እርሱም በዚህ እጅግ ያፍር ነበር።

መምቻውን ተቀብዬ ባየሁት ጊዜ እንደ ሳንቲም የወፈረ፥ ከ1.5 ሚሊሜትር የማያንስ፥ ጫፉም የሾለ ነበር። የሚማረው ትምህርት ግን ኮርድ ይዞ አውታሮቹን መግረፍ ብቻ ነበር። እንግዲህ ለመጥረቢያ ሥራ ጉጠት እንደ ተሰጠው ሰው ነበር ማለት ነው። 0.60 የሆነ ናይሎን መምቻ ሰጠነው፤ እጁንም እንዲያላላ ነገርነው። በዚያው ቀን ሊቅ አልሆነም፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ስድስቱንም አውታሮች አንድ ላይ አሰማ፤ ፈገግም አለ። ዛሬ ለክበባችን መዘምራን ኮርድ የሚመታው እርሱ ነው፤ መምቻውንም ራሱ ወደ 0.73 ከፍ አድርጓል።

ከዚህ የተረዳሁት፥ አንድ ተማሪ «አልችልም» ሲል ችሎታውን ከመጠራጠር አስቀድሞ በእጁ የያዘውን መመልከት እንደሚገባ ነው።

6. ቅርፅና መጠን

የተለመደው ቅርፅ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጎኖቹ የከበቡ፥ አንዱ ጫፍ ከሌሎቹ የሾለ ነው። ይህ ለሁሉም ሥራ ይሆናል። ሁለተኛው፥ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑት ትልቁ መምቻ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲያልቅ ወደ ሌላው ማዞር ስለሚቻል ቁጥቡ መምቻ ልንለው እንችላለን፤ ቤዝ ጊታር የሚመቱ ሰዎችም ይወዱታል። ሦስተኛው፥ ትንሽና ሹል የሆነው ነው፤ ነጠላ ዜማን በፍጥነት ለሚመቱ የሠለጠኑ እጆች የተሠራ ነውና ለጀማሪ ከእጅ ያመልጣል። ትልቅ እጅ ያለው ትልቁን፥ ትንሽ እጅ ያላት ትንሹን ትያዝ የሚል ሕግ ግን የለም፤ ምቾት ነው ዳኛው።

7. ለየትኛው ጊታር?

ናይሎን አውታር ያለው ክላሲክ ጊታር የተሠራው በጣትና በጥፍር ለመመታት ነው። አውታሮቹ ለስላሳ ስለሆኑ ጠንካራ መምቻ ይቧጭራቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም በእንጨቱ ላይ ከጭረት የሚከላከል ሽፋን የለውም። በዚህ ጊታር የሚማር ልጅ ጣቱን ያሠልጥን፤ መምቻ ግድ ካስፈለገው ስስና ክብ ጫፍ ያለውን ይምረጥ። የብረት አውታር ላለው አኩስቲክ ጊታር፥ ለመግረፍ ከ0.50 እስከ 0.73፥ ለዜማ ከ0.73 እስከ 1.0 ይስማማል። ለኤሌክትሪክ ጊታር አውታሩ ቀጭን፥ ድምፁንም የሚያጎላው መሣሪያ ስለሆነ ብርታት አያስፈልግም፤ ትክክለኛነት ነው የሚያስፈልገው፤ ስለዚህ ብዙዎች ከ0.88 ጀምሮ ወደ ላይ ይመርጣሉ። ለቤዝ ጊታር ወፍራምና ትልቅ ይሻላል።

በመምቻ መምታት ግዴታ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። ታላቁ የጃዝ ጊታሪስት ዌስ ሞንትጎመሪ ያን የመሰለ ለስላሳ ድምፅ የሚያወጣው በአውራ ጣቱ ሥጋ ነበር።

የአገራችንን ዜማ ለሚመቱ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የትዝታ፥ የባቲ፥ የአንቺ ሆዬና የአምባሰል ቅኝቶች በጊታር ሲመቱ ብዙውን ጊዜ ዜማው የሚሄደው አንድ ባንድ፥ እንደ ክራር ድርድር ነው። ድምፁም እየተወዛወዘ፥ እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ሊሰማ ይገባል። ለዚህ ስስ መምቻ አይረዳም። በእኔ ሙከራ 0.88 ሆኖ ጫፉ እምብዛም ያልሾለው የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የክራርን ለዛ ሳያጠፋ ዜማውን ያጠራዋልና።

8. አያያዝ

ጥሩ መምቻ በመጥፎ አያያዝ ይበላሻል። ሌባ ጣትን ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጎ መምቻውን በጎኑ ላይ ማስተኛት፥ አውራ ጣትንም በላዩ ማሳረፍ ነው። ከጣቶቹ ውጭ የሚታየው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ብዙ ከወጣ ይሰነቀራል፤ ጥቂት ከወጣ ጣት አውታሩን ይነካል። አጨባበጡ እንደ ጫጩት አያያዝ ይሁን፤ እንዳታመልጥ እንጂ እንዳትሞት። መምቻውን ከአውታሩ ጋር ፍጹም ትይዩ ከማድረግ ጥቂት ዘንበል ማድረግ ይሻላል፤ ያን ጊዜ በጠርዙ ይንሸራተታልና አይሰነቀርም።

9. እንዴት እንፈትናለን?

በክበባችን የምንሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠሩ፥ ቅርፃቸው አንድ የሆነ፥ ውፍረታቸው ግን 0.60፥ 0.73፥ 0.88ና 1.0 የሆነ አራት መምቻዎች እናቀርባለን። ሌላው ነገር ሁሉ አንድ ካልሆነ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ አይታወቅምና። ሁለተኛ፥ ጊታሩ በሚገባ ይቃኛል። ሦስተኛ፥ አንዱ ይመታል፤ የቀሩት ጀርባቸውን ሰጥተው ያዳምጣሉ። መቺው በእያንዳንዱ መምቻ አስቀድሞ ኮርድ ይገርፋል፤ ቀጥሎ ያንኑ ዜማ አንድ ባንድ ይመታል። አድማጮቹ የሚሰማቸውን በወረቀት ይጽፋሉ። አራተኛ፥ መቺው ደግሞ እጁ የተሰማውን ለብቻው ይጽፋል።

በዚህ ፈተና ያስደነቀኝ ነገር አለ። ኮርድ ሲገረፍ አድማጮቹ 0.73ንና 0.88ን ለመለየት ብዙ ጊዜ ተቸገሩ። መቺው ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም፤ ጣቱ ያውቃቸዋልና። ስለዚህ መምቻ የሚመረጠው ለሰሚው ጆሮ ብቻ ሳይሆን ለመቺውም እጅ ነው። እጁ የተመቸው ሰው ሳይደክም ብዙ ይለማመዳል፤ ብዙ የተለማመደ ደግሞ በመጨረሻ ለሰሚውም ጥሩ ይመታል። ሌላው ሰው የመረጠውን ዝም ብሎ መያዝ የማይጠቅመው ስለዚህ ነው።

10. መግዛት ላልቻለ

መምቻ በቅርብ የማይገኝበት ቦታ ብዙ ነው። ሆኖም ጊዜው ያለፈበት የባንክ ወይም ሌላ የፕላስቲክ ካርድ በቤት ውስጥ አይታጣም። የእነዚህ ካርዶች የታወቀ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም ቀደም ብለን መካከለኛ ካልነው ጋር ልክ ይሆናል! ካርዱ በእርግጥ የማያገለግል መሆኑን ከባለቤቱ ጠይቆ፥ ጥሩ መምቻ በላዩ አስቀምጦ በስክሪብቶ ዙሪያውን መሳል፥ በመቀስ መቁረጥ፥ ከዚያም ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በጥፍር ሞረድ ማለስለስ ነው። ማለስለሱ አይዘለል፤ ሻካራ ጠርዝ አውታሩን እንደ መጋዝ ይበላዋል፤ ድምፁም ይንቋቋል። ይህ መምቻ ከተገዛው ፈጥኖ ያልቃል፤ ነገር ግን ከአንድ ካርድ ከአንድ በላይ ስለሚወጣ ጉዳት የለውም። የተገዛውም ቢሆን ጫፉ አንድ ወገን ሲበላ ወይም ሲሰነጠቅ በዚያው በብርጭቆ ወረቀት ሊታደስ ይችላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የተባለውን ባጭሩ ስሰበስበው፦ ጀማሪ ከ0.60 እስከ 0.73 ባለው፥ የተለመደው ቅርፅ በሆነ ናይሎን ወይም አሴታል መምቻ ይጀምር። እጁ ሲጠነክርና ዜማ አንድ ባንድ መምታት ሲጀምር ቀስ እያለ ወደ 0.88ና ወደ 1.0 ይሻገር። ሲሻገርም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ውፍረቱንም፥ ቅርፁንም፥ አያያዙንም ባንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ወላጆቻችን ሆይ! ልጃችሁ ስለዚህች ትንሽ ነገር ሲጨነቅ ብታዩት ሥራ ፈታ አትበሉት። ውፍረትን የሚለካ፥ ድምፅን የሚያነጻጽር፥ አንዱን ለውጦ ሌላውን ሳይለውጥ የሚፈትን ልጅ በክፍል ውስጥ የተማረውን ሳይንስ በእጁ እየሠራበት ነው። ጓደኞቼ ሆይ! በጊታር የከበዳችሁ ነገር ቢኖር ዕድላችሁን ከማማረር በፊት በሁለት ጣቶቻችሁ መካከል ያለውን ተመልከቱ። የክበባችን መምቻዎች በሙዚቃ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጠዋል፤ መሞከር የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። ሲጨርስ ግን ወደ ሣጥኑ ይመልስ፤ ከወንበር ሥር አይተዋቸው!